ቀዳዳ የሌለው ቆዳ

ከፍቷችኋል፤ ፊታችሁ ላይ ይታያል። ትናንት ከኮምቦልቻ ድረስ በሚኒባስ ተጨናንቃችሁ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ዋላችሁ፤ ዛሬ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ዳገት ስትወጡ አርፍዳችሁ ያያችሁት የጭላዳ መንጋና ሁለት ድኩላ ነው። ፋጡማ ቅድም «ጋሽ እንድሪስ፣ ነብሩን ካላሳዩን ፓርክ የመጣነው ምን ልናይ ነው?» ስትለኝ ሁላችሁም ሳቃችሁ። እስኪ እዚህ ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ፤ ነፋሱ ከወዲያ በኩል ስለሆነ አይበርዳችሁም። ዳቧችሁን አውጡና ብሉ። እኔ ነብር በቅርብ አይቻለሁ። ከዚህ እስከዚያች አስታ ዛፍ ቢሆን ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። እንዴት እንዳየሁ ልንገራችሁ። ደስ የሚል ነገር አይደለም።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ መጨረሻው ላይ። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፣ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ለዱካ እንደ ውርጭ የሚመች ነገር የለም። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲነጋ በላዩ ያለፈ ሁሉ ጥቁር ጥቁር ምልክት ጥሎ ነው የሚሄደው። ፀሐይዋ እስክትሞቅ ድረስ ጫካው ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ ይነግርሃል። ከሞቀች በኋላ ግን ወንዝ ዳር ወርደህ ጭቃ መፈለግ ነው።

ሦስት ነበርን። እኔ ያኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሁለተኛው ይመር ነው፣ የእህቴ የዘይነባ ባል። ባሏ ከመሆኑ በፊትም አብሮ አደጌ ነው፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፣ ሥራ ፍለጋ ኮምቦልቻ የወረድነውም አንድ ቀን ነው። እሱ ፋብሪካ ውስጥ ጭነት ያወርድ ነበር። ድምፁ እንዴት ያለ ድምፅ መሰላችሁ! መንዙማ ሲያወጣ ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙት። በሰርግ ላይ ይመር ካልተገኘ ሰዉ «የት ሄደ?» እያለ ያጉረመርማል። ሦስተኛው አያ ሙሄ ናቸው፣ አላህ ይማራቸው። እዚሁ ጫካው ዳር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ያኔ ስልሳ አልፏቸዋል። አደን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የጅብ ዱካ ጥፍሩ ከፊት ይታያል፤ ነብር ግን ጥፍሩን ሸሽጎ ነው የሚራመደው፣ ክብ መዳፉን ብቻ ነው የምታየው። ይህንን ያሳዩኝ አያ ሙሄ ናቸው፣ በጣታቸው ጭቃው ላይ እየሳሉ።

ለሥጋ ብለን አልነበረም የምናድነው። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ የአውሬ ቆዳ እየገዛ ወደ ውጭ የሚያሻግር። ጫካ ረግጦ አያውቅም። ጫማው ላይ ጭቃ አይቼበት አላውቅም። ከዚያ በፊት ሁለት የነብር ቆዳ ወስደንለት ነበር፤ ሁለቱንም በጥይት ነው የገደልናቸው። ቆዳውን ወለል ላይ ይዘረጋና ጣቱን በጥይቱ ቀዳዳ አሾልኮ ያሳየናል።

«ይሄ ምንድን ነው? ቀዳዳ ያለው ቆዳ ለእኔ ከበግ ለምድ አይሻልም። ንጹሑን አምጡልኝ። ንጹሕ ካመጣችሁ ጋራዥም ፋብሪካም ሁለተኛ አትገቡም» አለን።

ይመርና እኔ ከዚያ ቤት ወጥተን መንገዱን ሙሉ ያወራነው ስለዚያች ቃል ነው። ንጹሕ ቆዳ። እሱ ደሴ ቤት ሊሠራ፣ እኔ የራሴን ጋራዥ ልከፍት።

ጥይት ካልሆነ ሽቦ ነው። የሞተር ሳይክል የፍሬን ገመድ ታውቁታላችሁ፤ ከቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ጋራዥ ውስጥ የተጣለውን እየሰበሰብኩ ሸምቀቆ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሲጎትቱት ይጠብቃል እንጂ አይላላም። የዘይቱ ሽታ እንዲጠፋ በጢስ እናጥነዋለን፣ ከዚያ በፍየል ፈርስ እናሸዋለን። አያ ሙሄ ቦታውን ይመርጣሉ፤ አውሬ የሚያልፍበት፣ ድንጋይና ዛፍ የሚያጠቡት መንገድ። አሥራ ሁለት ሸምቀቆ በዚያ ኅዳር በዚህ ገደል አፋፍ ላይ ዘረጋን። አዎ፣ በዚሁ እናንተ በወጣችሁበት።

ሽቦ መጥፎነቱ ማንን እንደሚይዝ አይመርጥም። በነጋታው ሄደን ማየት ነበረብን፤ ግን ስካውቶች፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ በዚያ በኩል ታዩ ተባለና አያ ሙሄ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ተደብቀን ተቀመጥን። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ድምፅ ሰማን። መጋዝ እንጨት ሲቆርጥ ያለውን ዓይነት ነው፤ ሄድ መለስ፣ ሄድ መለስ። ነብር እንዲያ ነው የሚጮኸው። ይመር ከመደቡ ብድግ አለ።

«ይዟል! እንሂድ!»

አያ ሙሄ ከተቀመጡበት አልተነሡም። «ተቀመጥ። ይጩህ ተወው። ውሃ ሲጠማው፣ ደሙ ሲፈስ፣ ሲደክም ነው የሚሻለው። ያልደከመ ነብር ጋ አልሄድም።»

ተቀመጥን። ድምፁ እስኪመሽ ድረስ ይመጣ ነበር። እኛ ደግሞ ድንች ቀቅለን በላን፤ ይመር ቀልድ ሲያወራ በሳቅ ስንሞት አስታውሳለሁ። በማግስቱ ድምፁ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ወጣን።

የያዝነው ይህ ነው፤ የአያ ሙሄ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ፣ አምስት ጥይት፣ ሁለት ረጃጅም የወይራ እንጨት፣ ገመድ፣ ሁለት ቢላ። ከእንጨቶቹ አንዱ ጫፉ ባላ ነው፤ የነብሯን አንገት መሬት ላይ ለመቸንከር። በሁለተኛው ጫፍ ላይ የገመድ ሸምቀቆ ታስሯል፤ ለማነቅ። አንቀን ልንገድላት ነው፣ ቆዳው እንዳይበሳ። ጠመንጃው ለክፉ ቀን ነው። ዓይኔ ጥሩ ነው ተብሎ ጠመንጃውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው ድኩላ ነው። ሽቦው ኋላ እግሩን ይዞት፣ እየተንፈራገጠ አጥንቱን ሰብሮታል። በሕይወት ነበር። ሲያየን እንኳ መነሣት አልቻለም፤ አንገቱን ብቻ ወደኛ አዞረ። አያ ሙሄ ቢስሚላህ ብለው አረዱት። «ሥጋውስ?» አልኳቸው። «ማን ይሸከመዋል?» አሉና ቢላቸውን በሣር ጠረጉ። እዚያው ጥለነው ሄድን። ቀጥሎ ባለው ሸምቀቆ ጭላዳ ሞቶ አገኘን። ሽቦው ወገቡን እንደ መቀነት አጥብቆታል። ለጭላዳ ማን አስቦ ዘረጋው? ይመር ሽቦውን ለመፍታት ታገለ፤ አልፈታም ሲለው ከነሽቦው ጣለው።

ከዚያ ወደ ጠባቧ መተላለፊያ ደረስን። ነፋሱ ከፊታችን ነው፤ ሽታችን አይደርስም። ውርጩ ላይ ምንም አዲስ ዱካ የለም። ያ ነገር እንግዳ ሆነብኝ፤ ድኩላም፣ ሚዳቋም፣ ጥንቸልም በዚያ አላለፈም። ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ከዚያ መሬቱን አየነው። ሸምቀቆው የታሰረባትን የአስታ ዛፍ ማእከል አድርጎ ሽቦው የደረሰበት ሁሉ ታርሷል፤ ሣር የሚባል የለም። የአስታው ቅርፊት እስከ ሰው ቁመት ድረስ ተቦጭቋል። ነብሯ ከዛፉ ሥር በጎኗ ተኝታለች።

የቀኝ ፊት እግሯ ነው የተያዘው። ሽቦው ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ አይታይም። ከሽቦው በታች ያለው መዳፏ አብጦ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል፤ ራሷ አኝካዋለች፣ ቆርጣ ለማምለጥ። አጥንቷ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። ዝንቦች ሰፍረውባታል። አልተንቀሳቀሰችም። ጆሮዋ ብቻ አንድ ጊዜ ተርገበገበች።

እኔ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ጠመንጃውን አቀባበልኩ። አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያን ጊዜ ፀሐይ ወጣችና ሽቦው ላይ አንድ ነገር አብለጨለጨ። ከዛፉ ጋር በታሰረበት በኩል ክሮቹ ተበጥሰው እንደ ፀጉር ቆመዋል። እኔ መካኒክ ነኝ። የፍሬን ገመድ ክሩ መበጠስ ከጀመረ አይቆይም፤ ይህንን ለደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ ነበር የምናገረው። አየሁት። «ቶሎ በሉ» አልኩ እንጂ «ተመለሱ» አላልኩም።

«ድክም ብላለች፣ አብሽር» አለኝ ይመር፣ ዞር ብሎ እየሳቀ። በዚያ ፊቱ ሲስቅ ያየሁት የመጨረሻ ጊዜ ነው።

ባላውን ይዞ ቀረበ። አያ ሙሄ በግራ በኩል ገመድ የታሰረበትን እንጨት ይዘው ተከተሉት። ይመር ባላውን አንገቷ ላይ አሳርፎ በክብደቱ ተጫናት። ዝም አለች። አያ ሙሄ ገመዱን ሊያጠልቁ ጎንበስ አሉ። ያኔ ነው ሽቦው የተበጠሰው። ድምፁ ትንሽ ነው፣ የክራር ክር ሲበጠስ ያህል።

ወደ ጫካው ትሸሻለች ብለን ነበር የምናስበው። አልሸሸችም። በእንጨቱ ላይ ነው የመጣችው። ይመር እንጨቱን ከመልቀቁ በፊት ደረቱ ላይ ነበረች። በጀርባው ወደቀ። በሁለቱ ኋላ እግሮቿ ሆዱን ትቧጥጣለች፣ በአፏ ፊቱን ይዛዋለች። የያዘችውን ስትነክሰው የሚሰማ ድምፅ አለ። አልነግራችሁም፤ እየበላችሁ ነው።

አያ ሙሄ በእንጨቱ ጀርባዋን እየደበደቡ ጮኹ፦ «ተኩስ! እንድሪስ፣ ተኩስ! ጨረሰችው!»

አነጣጥሬያለሁ። አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ፤ ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም። ጎኗ በሙሉ ለእኔ የተሰጠ ነበር። እንደ በር ሰፊ ነው። ከሥሩ ይመር የለም፤ ይመር ያለው ከራሷ በኩል ነው። አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ያንን ጎን የሚስት ሰው የለም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው። እኔ ግን ጎን ላይ ከተኮስኩ ቀዳዳው ከቆዳው መካከል ላይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ራሷን ቀና እስክታደርግ ልጠብቅ፣ በአፏ ላስገባው ብዬ አሰብኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያሰብኩት። አልደነገጥኩም። ጠበቅሁ።

ምን ያህል ነው የጠበቅኸው ብትሉኝ፣ ፋቲሃን አንብቦ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። ይመር መጀመሪያ ስሜን ጠራ። «እንድሪስ» አለ በደንብ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ስም አልሆነም፤ ከአፉ የወጣው ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ያኔ አገጩ የለም።

ከዚያ ቀና አለች። እኔን አየችኝ። አፏ ተከፍቶ፣ ከአፏ የሚንጠባጠበው የእሷ ደም አይደለም። ተኮስኩ። በአፏ ገባ። በይመር ላይ እንዳለች ክልትው አለች።

ከድንጋዩ ዘልዬ ሮጥኩ። ወደ ማን የሮጥኩ ይመስላችኋል? አንገቷን ይዤ ከይመር ላይ ገለበጥኳትና ጀርባዋን፣ ማጅራቷን በእጄ ዳሰስኩ፤ ጥይቱ በዚያ በኩል ወጥቶ እንደሆነ ለማየት። አልወጣም። ቆዳው ንጹሕ ነው።

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ይመርን ያየሁት። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል። ከአፍንጫው በታች ያለው ግማሽ ፊቱ ከቦታው የለም። የቀረችው አንዷ ዓይኑ ግን ክፍት ናት፤ እኔን ታያለች። ቃሌን ሰምቷል።

አያ ሙሄ ነብሯን በእግራቸው ገፋ አደረጓት። ሆዷ ወደ ላይ ሆነ። ጡቶቿ ያበጡ ናቸው፣ ከአንዱ ወተት ይወጣል። «ወላድ ናት፣ ያ ረቢ» አሉና ወደ ገደሉ አዩ።

ሽርጤን ፈትቼ የይመርን ፊት ጠቀለልኩት። በሁለቱ የወይራ እንጨቶችና በአያ ሙሄ ጋቢ ቃሬዛ ሠራን። አንዱ እንጨት እሱ ራሱ ይዞት የነበረው ባላ ነው። ስንነሣ ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። የድመት ግልገል የሚመስል፤ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናሉ። ሁለት ቀን ሙሉ እናታቸውን ሲጠብቁ የከረሙ ደቦሎች ናቸው። ቆም አልኩ።

«አትስማ» አሉኝ አያ ሙሄ። «ተሸከም።»

ተሸከምኩ። ስልክ ነበረን፤ ኔትወርክ ግን የለም። ዋናው መንገድ ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀብን። ቁልቁለቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጣልነው። ደሙ ጉሮሮው ውስጥ እንዳይገባ በጎኑ አስተኝተነው ነበር፤ ሲተነፍስ አረፋ በጋቢው በኩል ይወጣል። እንጨት ለመሸጥ የሚሄድ አይሱዙ አገኘንና ከእንጨቱ ላይ ጫንነው። ደሴ ስንደርስ መሽቷል።

ዘይነባ ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰች። አላለቀሰችም። እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

«መሣሪያ ይዘህ ነበር አይደል?»

«ይዤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተኮስክባትም? ፊቱን እስክትበላው ድረስ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«ከሸፈብኝ» አልኩ። «ጥይቱ ከሸፈ፣ ወላሂ።»

በአላህ ስም ነው የማልኩት፣ ለእህቴ።

ይመር አልሞተም። ሐኪሞቹ ከጭኑ ቆዳ እየወሰዱ ጉንጩ ላይ ሰፉለት፤ እግዜር ይስጣቸው፣ የሚችሉትን አድርገዋል። ግን ያ ድምፅ አልተመለሰም። ከብዙ ወር በኋላ ቃል ማውጣት ሲጀምር የሚለውን የምትሰማው ዘይነባ ብቻ ነበረች። አጥሚት ነው የሚጠጣው፤ ሲጠጣ በጎን ይፈሰዋል፣ እሷ ትጠርግለታለች። ትንሽ ልጁ አይቶት እያለቀሰ ሸሽቶ ከአልጋ ሥር ሲገባ አይቻለሁ። ይመር ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥም ፊቱን በሻሽ ይሸፍናል።

አንድ ቀን ዘይነባ እኔ ባለሁበት ጠየቀችው። «ጥይቱ ከሽፎ ነው አይደል?» አለችው። ያቺ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ «ከሸፈ» አለ፣ እንደምንም።

እኔ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ያ የኮምቦልቻ ሰውዬስ? ሄጄ ነገርኩት። ይመር ሆስፒታል ተኝቷል፣ ፊቱ የለም አልኩት። «አላህ ያሽረው» አለ፣ ከዚያም «ቆዳውስ?» አለኝ። ልጣላው አልቻልኩም። ምን ብዬ? እኔም እኮ በመጀመሪያ የጠየቅሁት እሱኑ ነው። ቆዳው ግን ለማንም አልሆነም። አያ ሙሄ በማግስቱ ቢመለሱ ጅብ በልቶታል። ከድንጋዩ ስንጥቅም ድምፅ አልነበረም። ጎንበስ ብለው ማየት እንደፈሩ ነገሩኝ፤ እኔ ከዓመታት በኋላ ገብቼ አየሁት። ከጣቴ የማይበልጡ አጥንቶች ናቸው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚህ ተዳፋት ነብር አልነበረም። አያ ሙሄ መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ፍየሎቼ ሰላም አገኙ ብለው። በሁለተኛው ዓመት ከርከሮ በዛ። ድንቹን ከነሥሩ ገለበጠው፤ ገብሱ ላይ ተንከባለለበት። ዝንጀሮው ደግሞ ቀን በቀን፣ ሰው ቆሞ እያየ፣ ግልገል ነጥቆ ይሄድ ጀመር። የሚፈራው ነገር የለማ! ሽማግሌው ሰባ ሊሞላቸው ሲል ማሳ ዳር ጎጆ ቀልሰው ጥበቃ ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ ደረታቸውን ብርድ መትቷቸው ያስሉ ነበር። «እንድሪስ» አሉኝ፣ «ያቺ ወላድ ማሳዬን ስትጠብቅልኝ ኖራለች ለካ። እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ስትደክም ጠበቅኋት።» በዚያው ሳል ነው የሞቱት።

ከቀብራቸው መልስ ነው ወደ ፓርኩ ሰዎች የሄድኩት። የቀሩትን ሽቦዎች የት የት እንዳሉ አሳየሁ። ታሰርኩ፤ መታሰሬ ልክ ነው። ስወጣ ሽቦ የሚዘረጋበትን ቦታ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም ብለው ስካውት አደረጉኝ፤ አሁን ደግሞ እንደ እናንተ ያለውን እንግዳ አስጎበኛለሁ። ስንት ሽቦ እንደነቀልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንዱ የኔው ቋጠሮ ነው፤ ሳየው አውቀዋለሁ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። እዚህ ቆሞ ቢሆን፣ ይህንን ነፋስ ቀምሶት፣ ከዚህች ምንጭ ጠጥቶ፣ ጭቃው ላይ ያንን ክብ መዳፍ ከራሱ ጫማ አጠገብ አይቶት ቢሆን፣ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ «ንጹሑን አምጡ» ይል ነበር? ላይል ይችላል። እኔ ግን ሁሉንም አይቼ ነው ያደረግሁት፤ ስለዚህ ማየት ብቻ ይበቃል ብዬ አልዋሻችሁም። ይህ ቦታ ጠባቂ ያስፈለገው ከክፉ ሰው ብቻ አይደለም። ከእኔም ነው። ቤት ልሥራ፣ ጋራዥ ልክፈት ከሚል፣ ሰርግ ላይ ከሚጨፍር፣ ጁምዓ ከማይቀርበት ሰው።

አምና፣ ልክ እንዲህ ባለ ወር፣ ይመር «ውሰደኝ» አለኝ። ቤቱ ቁጭ ብለን ነው፤ መጀመሪያ ወዴት እንደሚል አልገባኝም ነበር። ዘይነባ «ጫካውን ማየት እፈልጋለሁ ነው የሚልህ» አለችኝ፣ እሷም ተገርማ። ሰው እንዳያየው ሻሹን እስከ ዓይኑ ጠቅልሎ ከደሴ ፒያሳ በማለዳ መኪና ተሳፈርን። እዚህ ሲደርስ መንገድ አላሳየሁትም። ራሱ ነው የመራኝ። ያቺ አስታ ደርቃለች፤ ቅርፊቷ አልተመለሰም።

ከዛፏ ሥር ጭቃው ላይ ዱካ ነበር፣ የዚያን ዕለት ማለዳ የታተመ። ክብ፣ ጥፍር የሌለው። ከጎኑ ደግሞ ትንንሽ ዱካ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ። ከሌላ ቦታ የመጣች ወላድ ናት። ተመልሰዋል። ይመር ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ ፊቱ ስለማይታየኝ መሰለኝ ድፍረቱ የመጣልኝ።

«ይመር፣ ጥይቱ አልከሸፈም» አልኩት።

ጣቱን በትልቁ ዱካ ጠርዝ ላይ አሳረፈ።

«ጎኗ ይታየኝ ነበር። ቆዳው እንዳይበሳ ብዬ ነው የቆየሁት።»

«አውቃለሁ» አለ። ቃሉ አሁን ይገባኛል፤ ከዘይነባ ተምሬዋለሁ።

እንዲረግመኝ ጠበቅሁ። ድንጋይ አንሥቶ ቢወረውርብኝ ባልሸሸሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሣና ሻሹን ከፊቱ አወረደ። ሜዳ ላይ፣ በፀሐይ፣ ያንን ፊት ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። አንድ በአንድ፣ ቃሉን እንዳላጣው ተጠንቅቆ ነው የተናገረው።

«ጠመንጃው እኔ ጋ ቢሆን፣ እኔም እቆይ ነበር።»

ከዚያ ሻሹን መልሶ ጠቀለለ። የደሴን መኪና ለመያዝ ቁልቁል ወረድን። ይቅርታ አደረገልኝ ብዬ ለማሰብ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ይቅርታ አይደለም። ከአንድ ገበታ በልተን ያደግን ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ እህቴን ሰጥቼዋለሁ፣ ልጆቹ «አጎቴ» ይሉኛል። በዚያች ጠዋት ለአንድ ቆዳ ብለን እኔ እሱን ወይም እሱ እኔን አውሬ ሲበላ ቆመን እናይ ነበር። ይህንን ነው ይዤ የምዞረው፣ ዳገት ስወጣም፣ ስሰግድም፣ ከእናንተ ጋር ስስቅም።